ካምቢዮው ከተለወጠ በኋላ አልላቀቅ ስለሚል ፍሪሲዮን

እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ ገበያ በሚጓዝበት ወራት ለገበሬው ከበሬው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር የጭነት መኪና ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ካሚዮን ለአንድ ሳምንት ያህል በጋራዥ ቢታሰር፣ ጤፉ በጆንያ እንደ ተሞላ በደጅ ያድራል፤ የሌላ መኪና ኪራይ ይወደዳል፤ ባለንብረቱም የዓመቱን ትርፍ ለጥገና ያውለዋል። ስለዚህ የእርሻ ገጽ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ስለ ካሚዮንም አልፎ አልፎ ቢናገር ከተግባሩ የወጣ አይሆንም። ለዛሬ የመረጥነው ጉዳይ በአሮጌ ካሚዮን ላይ ካምቢዮው በሌላ ካምቢዮ ከተተካ በኋላ ፍሪሲዮኑ ስለ ምን እንደሚያስቸግር፣ ጥፋቱም ከወዴት እንደ ሆነ በምን ዐይነት ፈተና ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ነው።

በአገራችን መንገዶች ላይ ብዙ ዘመን ካገለገሉት ካሚዮኖች ውስጥ ከፍ ያለውን ስፍራ የያዙት የኢጣልያ ሥራዎች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 634 ኤን በሾፌሮቻችን አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ቀረ፤ ይህም በኢጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። በ1952 የጀመረው የፊያት 682 ዘር ደግሞ በ1962 ሦስተኛው ዐይነት ወጥቶለት «ኤንትሬ» ተባለ። ኤን የተባለችው ፊደል ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ መሆኑን ታመለክታለች፤ ትሬ ደግሞ ሦስት ነው። ሾፌሩ ስሙን የወሰደው ከፋብሪካው ጽሕፈት ቢሆንም እንደ ሰው ስም አድርጎ ይጠራዋል።

እንደነዚህ ያሉ መኪናዎች ሻንሲያቸውና ሞተራቸው ከካምቢዮአቸው ይልቅ ዕድሜ ሲኖረው ይታያል። የካምቢዮው ጥርስ ሲበላ፣ የዚያው ዓመት ሥሪት የሆነ ተተኪ ዕቃ በገበያ ስለማይገኝ፣ ባለንብረቱ ከሌላ ዐይነት ካሚዮን የተነሣ፣ ወይም ከዚያው ዐይነት ሆኖ በሌላ ዓመት የተሠራ ካምቢዮ ገዝቶ ያስገጥማል። ብሎኑ ሁሉ ከገባና ከጠበቀ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ብሎን በቀዳዳው መግባቱ ሁለቱ ዕቃዎች ተስማምተዋል ማለት አይደለም።

ሜካኒክ ላልሆኑት አንባቢዎቻችን ስለ ፍሪሲዮን አሠራር ጥቂት እንናገር። ከሞተሩ በስተኋላ ቮላኖ የተባለው ከባድ መንኰራኵር ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ከካምቢዮው በስተፊት ጫፉ ጥርስ ያለው ዘንግ ይወጣል፤ በዚህም ዘንግ ላይ በሁለቱም ፊቱ ሸራ የለበሰ ዲስክ ይሰካል። ዲስኩን ወደ ቮላኖው የሚጫነው በብርቱ ሞላ የሚገፋ ሳሕን ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታውም የሳሕኑን ጣቶች ይጫናል፤ ሳሕኑ ከዲስኩ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ሲዞር የካምቢዮው ዘንግ ይቆማል። ሳሕኑ የሚነሣው በሚሊሜትር የሚቈጠር በጣም ጥቂት ርቀት ነው። የጉዳያችን ምሥጢር ሁሉ ያለው በዚህች ጥቂት ርቀት ውስጥ ነው።

አስቀድሞ በሽታውን መለየት

ከጋራዥ የወጣ መኪና «ፍሪሲዮኑ አልሆነም» ተብሎ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮውን ወዲያው ማውረድ ይጀመራል። ይህ የጕልበትና የገንዘብ ብክነት ነው። ካምቢዮውን ከማውረድ በፊት በግማሽ ሰዓት የሚፈጸሙ ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ሞተሩ ጠፍቶ የሚደረግ ነው። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው በታኮ ተይዞ፣ የማርሹን ዱላ በየማርሹ ማስገባትና ማውጣት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ አልገባ ካለ ጥፋቱ በፍሪሲዮኑ አይደለም፤ በማርሹ ዱላ ማያያዣዎች ወይም በካምቢዮው ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚገባ፣ ሲነሣ ግን የሚያንገራግር ከሆነ ወደ ሁለተኛው ፈተና እንለፍ።

በሁለተኛው ፈተና ሞተሩ ይሞቅና በዝቅተኛ ዙር ይተዋል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጣል፤ ሾፌሩም በልቡ እስከ 10 ይቈጥራል፤ ከዚያም የኋላ ማርሹን ያስገባል። የኋላ ማርሹን የምንመርጠው በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ጥርሶቹን የሚያስማማ ሲንክሮ ስለሌለው ነው። ፍሪሲዮኑ በእርግጥ ከተላቀቀ የካምቢዮው ዘንግ በዘይቱ ክብደት ምክንያት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቆማል፤ ማርሹም ያለ ድምፅ ይገባል። ቢንገራገር ግን ዘንጉን አሁንም የሚያዞረው ነገር አለ ማለት ነው። የሚያዞረው ዲስኩ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ የምንነግራችሁ ትንሽ ቦኮላም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመንሸራተት ፈተና ነው። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ታኮ ተደርጎ፣ በፊት ለፊትም ሰው እንዳይቆም ተጠንቅቆ፣ የመጨረሻው ትልቅ ማርሽ ይገባና ፔዳሉ በዝግታ ይለቀቃል። ደኅና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው ይንሸራተታል። ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል፤ ደጋግሞ የሚያደርገው ሰው ደኅናውን ሸራ ያቃጥለዋል።

ድምፅንም መስማት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የሚገፋውን ኩሽኔታ ወይም በቮላኖው መካከል ያለውን ቦኮላ መጠርጠር ነው። ፔዳሉ ተለቆ፣ ማርሽ ሳይገባ የሚጮኽና ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ ግን ጩኸቱ ከካምቢዮው ከራሱ የመጣ ነውና ገዢው ካምቢዮውን ወደ ሸጠለት ሰው ሊመለስ ይችላል።

ከውጭ የሚታየው

መላቀቅ ያቃተው ፍሪሲዮን ሲያጋጥም ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በፔዳሉ ላይ ነው። ፔዳሉ ኩሽኔታውን መግፋት ከመጀመሩ በፊት የሚሄደው ባዶ ጉዞ በአሮጌዎቹ ካሚዮኖች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ልክ የሚሰጥ እንደ ሆነ መጽሐፉ ይከበር። ባዶ ጉዞው ሲበዛ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፤ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ኩሽኔታው ዘወትር ጣቶቹን ስለሚጫን ይንሸራተታል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይቃጠላል። የተበላ ፒን፣ የሰፋ የፒን ቀዳዳ፣ የታጠፈ ዘንግ ሁሉ የሾፌሩን እግር ጉዞ እየሰረቁ ይበሉታል። ሦስት ማያያዣዎች እያንዳንዳቸው 2 ሚሊሜትር ቢላሉ፣ ከሹካው አጠገብ ሲደርስ 6 ሚሊሜትር ያህል ጠፋ ማለት ነው።

ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ማርሹ በደኅና የሚገባ ከሆነ በቧንቧው ውስጥ አየር አለ፤ ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። ካምቢዮው ሲለወጥ ቧንቧው ስለሚፈታ አየር መግባቱ የታወቀ ነው። በፈሳሹ ፈንታ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የሚጨምሩ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል፤ ለፍሬን ፈሳሽ የተሠራ ጎሚኒ በእነዚህ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ መላው መለወጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ደኅና ከሆነ ሹካው ከቤቱ ወደ ውጭ በወጣበት ጫፍ ላይ መሥመሪያ ይዞ ጉዞውን መለካት ይገባል። አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ይለካል። በእኔ አስተያየት ከጋራዦቻችን ስንፍና ሁሉ የሚከፋው ይህን ልኬት አለማድረግ ነው፤ የአንዲት መሥመሪያ ዋጋ ከአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ጋር አይወዳደርምና።

የተለወጠው ካምቢዮ ስሌቱን እንዴት እንደሚያበላሽ

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በቍጥር እናስረዳ። ቍጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ፔዳሉ በጠቅላላው 150 ሚሊሜትር ይጓዛል እንበል፤ ከዚህ 25ቱ ባዶ ጉዞ ነው፤ የሚቀረው 125 ነው። የፔዳሉ ሊቫ ጉዞውን 5 ጊዜ ያሳንሰዋል፤ የቀድሞው ካምቢዮ ሹካ ደግሞ 2 ጊዜ ያሳንሰዋል። ስለዚህ 125 በ10 ተካፍሎ ኩሽኔታው ጣቶቹን 12 ሚሊሜትር ተኩል ይገፋል። ጣቶቹ በበኩላቸው 5 ጊዜ ያሳንሱታልና ሳሕኑ 2 ሚሊሜትር ተኩል ይነሣል።

አሁን ደግሞ አዲስ የገባው ካምቢዮ ሹካ ጉዞውን የሚያሳንሰው 3 ጊዜ ነው እንበል። 125 በ15 ሲካፈል 8.3 ይሆናል፤ ሳሕኑም የሚነሣው 1.7 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰው ይህም ይበቃል ሊል ይችላል። ነገር ግን በዲስኩ ሁለት ሸራዎች መካከል የሞገድ ቅርጽ ያለው ስስ ብረት አለ፤ ጭነቱ ሲነሣለት እንደ ሞላ ይለጠጣል፤ እርሱም ብቻውን 1 ሚሊሜትር ያህል ሊወስድ ይችላል። የሚቀረው 0.7 ሚሊሜትር ለሁለት ፊት ሲከፈል በየፊቱ 0.35 ብቻ ይደርሳል። ዲስኩ በዚህች መጠን እንኳ ቢጣመም ቮላኖውን መንካቱ አይቀርም። በቀድሞው ሹካ ግን በየፊቱ 0.75 ነበረ። እግሩ የሚረግጠው ያው ነው፤ ፔዳሉም ያው ነው፤ እንዲያውም ከቀድሞው የቀለለ ሆኖ ይሰማዋል። ፔዳሉ ቀሎ ማርሹ ያልገባለት ሾፌር የሊቫዎቹ ልክ እንደ ተለወጠ ሊጠረጥር ይገባዋል።

በፈሳሽ በሚሠራውም ላይ ስሌቱ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የፖምፓዎቹ ስፋት እንደ ሊቫ መቈጠሩ ነው። የላይኛው ፖምፓ ውስጠኛ ስፋት 19 ሚሊሜትር፣ የታችኛው 25 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የላይኛው 30 ሚሊሜትር ሲገፋ የታችኛው 17 ያህል ይገፋል። የታችኛው በ22 ሚሊሜትር ፖምፓ ቢለወጥ ጉዞው ወደ 22 ያድጋል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ጉዞ ሲጨመር ኀይል ይቀነሳል፤ ኀይል ሲጨመር ጉዞ ይቀነሳል፤ ሁለቱንም በነጻ የሚሰጥ ሊቫ የለም።

ለዚህ ጉዳይ የላንድሮቨር መኪና መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ካሚዮን ባይባልም በገጠር እህልም ሰውም ሲያጓጕዝ የኖረ ነው። ሁለተኛው ዐይነት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958፣ ተሻሽሎም በ1961 ወጣ፤ ሦስተኛው በ1971 ተከተለ። የሦስተኛው ካምቢዮ በአራቱም የፊት ማርሾች ሲንክሮ ስላለው፣ የቀድሞው ግን በላይኞቹ ሁለት ማርሾች ብቻ ስለ ነበረው፣ ብዙ ሰዎች አዲሱን ካምቢዮ በአሮጌው መኪና ላይ ያስገጥማሉ። ሁለቱም በሞተሩ ላይ ይገጥማሉ። ይሁን እንጂ በቀድሞው የታችኛው ፖምፓ ከቤቱ ውጭ ተንጠልጥሎ በአግድም ዘንግ አማካይነት ይገፋል፤ በሦስተኛው ግን ፖምፓው በካምቢዮው ቤት ላይ ተተክሎ ሹካውን በቀጥታ ይገፋል። ስለዚህ ካምቢዮውን የሚለውጥ ሰው ፖምፓውንና ቧንቧውንም አብሮ መለወጥ አለበት። የአሮጌውን ዕቃ አጣምሞ ለማገናኘት የሚሞክር ቢኖር ጉዞው ይጎድልበታል።

በአሜሪካኖቹ የሼቭሮሌት መኪናዎች ደግሞ የሚታወቀው ስሕተት በኩሽኔታው ርዝመት ነው። ሦስት ሊቫ ላለው ሳሕን አጭር ኩሽኔታ፣ ጠፍጣፋ ጣቶች ላሉት ባለ ሰፊ ሞላ ሳሕን ረጅም ኩሽኔታ ተሠርቶላቸዋል። በሚዛን ቢይዙአቸው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። አጭሩ በረጅሙ ቦታ የገባ እንደ ሆነ ሹካው የጉዞውን መጨረሻ ደርሶ ኩሽኔታው ገና ጣቶቹን አልነካም፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባም ባዶ ጉዞ ይጠፋና ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ

ልኬቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ካለ ካምቢዮውን ማውረድ የግድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታዩ ነገሮች ብዙ ቢሆኑም በእኔ ግምት በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የዲስኩ መጣመም ነው። የካሚዮን ካምቢዮ በጣም ከባድ ነው። ሠራተኞቹ ሲያስገቡ ዘንጉ በዲስኩ ውስጥ ገብቶ ብሎኑ ገና ሳይያዝ ክሪኩን ዝቅ ያደረጉ እንደ ሆነ፣ ያ ሁሉ ክብደት በዲስኩ መካከል ላይ ይንጠለጠላል። የዲስኩ ስስ ብረት ይጣመማል። ለዐይን አይታይም፤ ዘንግ ላይ አድርገው በቶርኖ ሲያዞሩት ግን ይታያል። አዲስ ዲስክ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ አዲስነቱ ከመጣመም አያድነውም።

በቮላኖው ወይም በሞተሩ ዘንግ መካከል ያለችው ትንሽ ቦኮላ፣ በአንዳንዱ መኪና ኩሽኔታ፣ የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የምትይዝ ናት። ሌላ ካምቢዮ ሲመጣ የጫፉ ውፍረት ይለያያል። ጫፉ ከቀዳዳው ከጠበበ ዲስኩ ያለ ደጋፊ ይወዛወዛል፤ ከወፈረ ደግሞ ቦኮላዋ ጨምድዳ ትይዘዋለች፤ ፍሪሲዮኑ በሚገባ ቢላቀቅ እንኳ ሞተሩ ዘንጉን በዚያች በኩል ያዞረዋል። ይህ በሽታ የፍሪሲዮን በሽታ መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሸራና ሳሕን ሁለት ጊዜ ተለውጦ ፈውስ ያልተገኘለት መኪና ብዙ ጊዜ የዚህች ቦኮላ ታማሚ ነው። መድኃኒቱ በቶርኖ ልኳን የጠበቀች የነሐስ ቦኮላ ማሠራት ነው።

የዘንጉ ርዝመትም እንዲሁ ይለካ። ዘንጉ ከረዘመ ጫፉ የቀዳዳውን መጨረሻ ይነካል፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሳይገጥም ጥቂት ክፍተት ይቀራል። ሠራተኛው ይህን ክፍተት በብሎን ስቦ ለመዝጋት ይነሣሣል። ይህን ፈጽሞ አለማድረግ! ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ መግጠም አለበት፤ ብሎን የሚጠብቀው የገጠመውን ለመያዝ እንጂ ያልገጠመውን ለመሳብ አይደለም። ክፍተቱ በብሎን የተዘጋ እንደ ሆነ ወይ ቤቱ ይሰነጠቃል፣ ወይ የሞተሩ ዘንግ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚጠብቀውን ብረት ይበላል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከካምቢዮ ወደ ሞተር ተሻገረ ማለት ነው።

ዲስኩ በመካከሉ ከአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ ጋር፣ በዳርቻው ከቀድሞው ቮላኖና ሳሕን ጋር መስማማት ይገባዋል። የጥርሶቹ ቍጥር አንድ ሆኖ የዘንጉ ውፍረት ሊለያይ ይችላልና ሳይለኩ መግዛት አይገባም። ዲስኩ በዘንጉ ላይ በሁለት ጣት ሲገፉት ያለ ግዳጅ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። በጥርሱ ላይ የሚቀባው ግራሶ በጣም ስስ ይሁን፤ የበዛው ተረጭቶ ሸራውን ያበላሻል። ፊቱና ጀርባውም አይሳሳት፤ ብዙውን ጊዜ ሞላዎቹ ያበጡበት ፊት ወደ ካምቢዮው ይዞራል፤ የተገለበጠ እንደ ሆነ መካከሉ የቮላኖውን ብሎኖች ይነካና ምንም ቢረገጥ አይላቀቅም።

ካምቢዮውን የሚሸከመው ደወል መሳይ ቤት ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ልኬት አለ። የቤቱ መካከለኛ ቀዳዳ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በአንድ መሥመር መሆን አለበት። ባለ መርፌ መለኪያ በቮላኖው ላይ ታስሮ ሞተሩ በእጅ ሲዞር መርፌው በጠቅላላው ከ0.25 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወዛወዝ በሰፊው የተለመደ ደንብ ነው። ከዚህ ያለፈ እንደ ሆነ ዲስኩ በዘንጉ ላይ ይጨነቃል፤ ፍሪሲዮኑም ሲለቀቅ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ይህ መለኪያ በሁሉ ጋራዥ ባይገኝም ቶርኖ ካለበት ቤት አይጠፋም።

ፍሪሲዮኑ ሳይሆን ማርሹ ሲሆን

የሚያስገርመው አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ተለክቶ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ሾፌሩ አሁንም ማርሹ ይንገራገራል ይላል። በዚህ ጊዜ የገባው ካምቢዮ ሲንክሮ የሌለው መሆኑን መጠየቅ ነው። ሲንክሮ ባለው ካምቢዮ የለመደ ወጣት ሾፌር በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ሲቀመጥ ጥፋቱን ለፍሪሲዮኑ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹ ሾፌሮች ግን ዘዴውን ያውቁታል፤ ፔዳሉን ረግጠው ማርሹን ያወጣሉ፣ ፔዳሉን ይለቃሉ፣ እንደገና ረግጠው ማርሹን ያስገባሉ። ወደ ዝቅተኛው ማርሽ በሚመለሱበት ጊዜ ደግሞ በመካከሉ ነዳጅ ረግጠው ሞተሩን ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። ይህን ለመማር አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ካምቢዮ ለማውረድና ለመመለስ የሚወጣውን ገንዘብም ያድናል።

ዘይቱም ይጠየቃል። ጂ ኤል 5 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ለዲፈረንሲያል የተሠራ ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ቅመም በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ነሐስ ላለበት ካምቢዮ ጂ ኤል 4 መምረጥ ይሻላል። በደጋ ጧት የወፈረ ዘይትም ማርሹን ያከብደዋል፤ መኪናው ሲሞቅ የሚተወው ከሆነ ፍሪሲዮኑን አትክሰሱ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍነው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍለት አለው፤ ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደውም ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በ115 ኪሎሜትር ያህል ውስጥ ባሕር ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቍልቍለት የተጫነ ካሚዮን የሚታመነው በፍሬኑ ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽና በሞተሩ መያዝ ነው። ፍሪሲዮኑ በሚገባ የማይላቀቅ መኪና ቍልቍለቱ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልመለስ ሲል ሦስተኛው ይወጣል፣ ሁለተኛው አልገባም ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ካሚዮኑ ያለ ማርሽ ቀርቷል፤ ፍሬኑ ብቻውን ሲይዘው ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ስለዚህ በሜዳ ላይ የኋላ ማርሹን ፈተና ያላለፈ ካሚዮን ዳገትና ቍልቍለት ባለበት መንገድ ጭነት ይዞ እንዲሄድ ባለንብረቱ መፍቀድ የለበትም፤ ሾፌሩም እንቢ ቢል መብቱ ነው። ረዳቶቹ ከላይ በጭነቱ ላይ እንደሚቀመጡ ይታሰብ።

ስለ ሠራተኞቹም ጤና አንድ ቃል። የአሮጌ ካሚዮኖች ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ነው። ኢጣልያ ይህን ዕቃ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 በሕግ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ በአባሎቹ ሁሉ ዘንድ አገደው፤ ምክንያቱም ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነቀርሳ የሚያመጣ ስለ ሆነ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ በቤቱ ውስጥ የሚገኘውን ጥቍር ብናኝ በኮምፕረሰር ንፋስ መንፋት የጋራዥ ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ ይቅር። ብናኙ በውሃ ይረጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም ታሽጎ ይጣል፤ ልጆች በአቅራቢያው አይቁሙ።

የእርሻ ማኅበራትንና የመሥሪያ ቤቶችን መኪናዎች የሚያስተዳድሩ ሹማምንት የካምቢዮ መግዣ ወረቀት ሲቀርብላቸው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ካምቢዮው ብቻውን ነው ወይስ ከቤቱ፣ ከሹካው፣ ከኩሽኔታውና ከታችኛው ፖምፓ ጋር? አብረው የነሡ ዕቃዎች አብረው ሲገዙ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም ከላይ የዘረዘርነው ስሌት ግማሹ አስቀድሞ ተሠርቶ ይመጣል። የወረደውም ካምቢዮ አዲሱ ተፈትኖ መንገድ እስኪወጣ ድረስ ለቍራጭ ብረት ነጋዴ አይሸጥ፤ ሹካውና ዘንጉ ለመለኪያ ያስፈልጋሉና።

ሁሉ ገጥሞ ፈተናውን ካለፈ በኋላ አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች ውስጥ ጭነቱ ይቀንስ፣ በዳገት ላይም ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መኪናውን መያዝ ይቅር። ከዚያም መኪናው ቆሞ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ እንደገና ይለካ፤ ሸራው ሲላመድ ጥቂት ስለሚሳሳ ባዶ ጉዞው ከመጀመሪያው ልክ አንሶ ይገኛል፤ ዳዶው ፈታ ተደርጎ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ልኩም ከነቀኑ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፋል።